ይህች አጥቢያ የማን ናት? አንድ ጥያቄና 34 መልሶች

በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን በምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። በአሜሪካ በምትገኝ አንዲት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያ 19 ዓመት ሙሉ አስቀድሻለሁ፤ ልጆቼ ክርስትና የተነሡት፣ የእናቴም ፍትሐት የተደረሰው በእርሷ ነው። ሕንፃው የተገዛው ሌሊቱን ታክሲ ሲነዱ በሚያድሩ፣ በመኪና ማቆሚያ ቆመው በሚውሉ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፈረቃ በሚሠሩ ሰዎች ገንዘብ ነው። ባለፈው ዓመት ቦርዱና ካህናቱ ተጣሉ። በአንድ እሑድ ጠዋት የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ ሕዝቡ ነጠላውን እንደ ለበሰ ውጭ ቀረ፤ ፖሊስ ተጠራ፤ ሁለቱም ወገኖች ጠበቃ አቆሙ፤ በክሱ መዝገብ ላይም የአጥቢያዪቱ ስም በከሳሽም በተከሳሽም በኩል ተጻፈ። ከሙዳየ ምጽዋት ወጪ የተደረገው ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተወራረደም።

የጥያቄዬ መነሻ ግን ጠቡ ሳይሆን አንድ ሰላምታ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ከኤፌሶን ሆኖ ወደ ቆሮንቶስ ሲጽፍ ገና በመልእክቱ መግቢያ ያችን ጉባኤ የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ብሎ ይጠራታል። ቀጥሎ የሚዘረዝረው ግን የሚያሳፍር ነው፦ አንዱ የጳውሎስ፣ አንዱ የአጵሎስ፣ አንዱ የኬፋ ነኝ እያለ ተከፋፍሏል፤ አንድ ሰው ከአባቱ ሚስት ጋር ይኖራል፤ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ዳኞች ፊት ይከሳል፤ በጌታ ራት ላይ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል፤ ከመካከላቸውም ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉ አሉ። እንግዲህ እኔም አጥቢያዬን፣ ቁልፏ እንደ ተቀየረና ሒሳቧ እንዳልተዘጋ፣ የእግዚአብሔር ናት ብዬ በጸሎቴ ልጠራት እችላለሁን? ወይስ ይህ ቃል መውጣት ያቃተው ሰው ራሱን የሚያባብልበት ነው? ብዬ ጠየቅሁ። ሳላጣራ የጻፍሁት አንድ ነገርም ነበር፤ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ጥቂት ሳምንት ብቻ እንደ ቆየ አድርጌ ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ 34 መልሶች ተከተሉ። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ የገዛ ቁስላቸውን የገለጡ ስለ ሆነ ቃላቸውን እንዳለ አላቀርብም፤ የነገሩን ፍሬ በየቁጥራቸው እተርካለሁ።

1ኛው መልስ ከአንድ ዲያቆን የመጣ ነበር። በአንቱታ አክብሮ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሕሙማን ሐኪም ቤት መሆኗን፣ ሐኪም ቤት ገብቶ በሽተኛ አየሁ ብሎ የሚደነግጥ ሰው የገባበትን ቤት አለማወቁን አስታወሰኝ። 2ኛው በዚሁ ተስማምቶ የአጥቢያዬን ስም ጠየቀኝ። አልተናገርሁም፤ የጠየቅሁት ስለ አንዲት አጥቢያ ስም ሳይሆን ስለ ባለቤትነቷ ነበርና።

3ኛው የታሪክ መምህር ነው። ስሕተቴን በትሕትና አረመ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደሚነግረን ጳውሎስ በቆሮንቶስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯል፤ በጋልዮስ ፊት የተከሰሰውም በዚያ ነው። በዴልፊ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ጋልዮስ የአካይያ አገረ ገዥ የነበረበትን ጊዜ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ወደ 51 ዓ.ም. ግድም ስለሚያደርሰው ዘመኑን በቅርብ እናውቀዋለን። መምህሩ ይህን ያነሣው ለዕውቀት ያህል አልነበረም። ጳውሎስ እነዚያን ሰዎች በሩቅ ዝና ሳይሆን በየስማቸው ያውቃቸው ነበር፤ በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ድንኳን እየሰፋ ከእነርሱ ጋር ኖሯል። ከተማዪቱንም ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ካፈረሷት በኋላ ዩልዮስ ቄሳር በ44 እንደ ገና ሲያቀናት በአብዛኛው ነፃ የወጡ ባሮች ሰፍረውባታል፤ ሁለት ወደቦች ነበሯት፤ ነዋሪዋ ከየአገሩ መጥቶ ስምና ማዕረግ የሚፈልግ ሕዝብ ነበር። መምህሩ ከዚህ ተነሥቶ፣ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣበት፣ ሁሉም በአገሩ ያጣውን ወይም የተወውን ክብር በጉባኤው ውስጥ የሚፈልግበት ማኅበር ለወንበር ጠብ የተጋለጠ መሆኑን ጻፈ። ይህን ሳነብ የቦርዳችን ምርጫ የሚደረግበት ምሽት ፊቴ ላይ መጣ። ቀን የሰው ዕቃ ተሸክሞ የዋለ ሰው በዚያ ምሽት ሊቀ መንበር ተብሎ ሲጠራ ድምፁ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ አልፈርድበትም።

4ኛው ጸሐፊ በአብነት ትምህርት ቤት የሐዲስ ኪዳንን ትርጓሜ የተማሩ አባት ናቸው። እርሳቸው የያዙት አንዲት ፊደል ነበር። የእግዚአብሔር ስንል በፊት የሚቆመው «የ» ባለቤቱን እንጂ ጠባይን አይናገርም፤ ማሳውን አረም ቢውጠውም የባለቤቱ ማሳ ነው እንጂ የአረሙ ማሳ አይባልም። ጳውሎስም በሰላምታው የቆሮንቶስን ሰዎች ፈትኖ ማዕረግ መስጠቱ ሳይሆን የማን እንደ ሆኑ መመስከሩ ነው። እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የእግዚአብሔር መሆንን እንደ ሽልማት አድርጌ አስብ ነበርና ይህች ማብራሪያ የጥያቄዬን መሠረት አነቃነቀችው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር፤ አላበቃም። 5ኛው መልስ በጭዋ አነጋገር የተጻፈ ብርቱ ተቃውሞ ነበር። ጸሐፊዋ ኤርምያስ ምዕራፍ 7ን አቀረበች፦ ሕዝቡ እየሰረቀ፣ እየገደለ፣ በሐሰት እየማለ በመቅደሱ ደጅ ይቆምና የእግዚአብሔር መቅደስ ነው እያለ ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፤ ነቢዩም በሐሰት ቃል አትታመኑ ይላቸዋል፤ ሴሎን ሄዳችሁ እዩ፣ ስሜን ያኖርሁባት ስፍራ ምን እንደ ሆነች ተመልከቱ የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ያመጣባቸዋል። እንግዲያውስ የእግዚአብሔር ናት የሚለው ቃል የሌቦች መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል ስትል ደመደመች። 6ኛው በዚህ ላይ የዮሐንስን ራእይ ጨመረ። ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ያለ ነቀፋ የታለፉት ሰምርኔስና ፊልድልፍያ ብቻ ናቸው፤ ኤፌሶንም ንስሐ ካልገባች መቅረዟ ከስፍራው እንደሚወሰድ ተነግሯታል። 7ኛው ግን የ6ኛውን ማስረጃ መልሶ ተረጎመው፤ መቅረዙ ከመወሰዱ በፊት ክርስቶስ በመቅረዞቹ መካከል ሲመላለስ ታይቷል፤ ለብ ብላ ልትተፋ ለደረሰችው ለሎዶቅያም ቢሆን በደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ ትቷት አልሄደም አለ።

ለሁለት ቀን ምንም አልጻፍሁም። የኤርምያስ ቃል እውነት ነውና በቀላል ቃል ላልፈው አልፈለግሁም።

8ኛው መልስ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 32 መጣ፤ በዚህ ውይይት ካነበብሁት ሁሉ ደጋግሜ ያሰብሁት ይህን ነው። እስራኤል የወርቁን ጥጃ ባቆሙ ጊዜ እግዚአብሔር ለሙሴ ሲናገር፣ ከግብፅ ያወጣኸው ሕዝብህ ይለዋል፤ ሕዝቡን ወደ ሙሴ ያስጠጋዋል። ሙሴም በጸሎቱ ያንኑ ቃል ወደ እግዚአብሔር ይመልሰዋል፤ አንተ በታላቅ ኃይል ያወጣኸው ሕዝብህ ይላል። በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችው ህ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ሙሴ ጥጃው የለም አላለም፤ የሕዝቡን ነውር አልሸፈነም፤ ከተራራው በወረደ ጊዜ ጽላቱን የሰበረ፣ ጥጃውንም አቃጥሎና ፈጭቶ በውኃ ላይ የበተነ እርሱ ራሱ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ግን እነዚህ የአንተ ናቸው ከማለት አልተመለሰም። የ8ኛው ጸሐፊ አሳብ፣ የእግዚአብሔር ናቸው የሚለው ቃል ወደ ሕዝቡ የሚነገር ማመስገኛ ከመሆኑ በፊት ወደ እግዚአብሔር የሚነገር ልመና መሆኑ ነው። የኤርምያስ ሰዎች ቃሉን ለራሳቸው መተማመኛ አደረጉት፤ ሙሴ ደግሞ ስለ ሌሎች ማለደበት። ያው አንድ ቃል በማን አፍ፣ ወደ ማን እንደሚነገር ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

9ኛው በሆሴዕ መለሰ። እግዚአብሔር የነቢዩን ሦስተኛ ልጅ ሎዓሚ፣ ማለትም ሕዝቤ ያይደለ፣ ብሎ ስም እንዲያወጣለት አዝዟል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ የእኔ አይደላችሁም ሊል ይችላል ሲል አስጠነቀቀ። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ የሕያው አምላክ ልጆች ይባላሉ የሚል ተስፋ እንደሚከተል እርሱም አልካደም። ከዚህ የወሰድሁት፣ የእኔ አይደላችሁም የማለት ሥልጣን የባለቤቱ እንጂ የእኔ አለመሆኑን ነው።

ከ10ኛው እስከ 14ኛው ያሉት መልሶች፣ ሁለቱ እስከ መከር አብረው ይደጉ በሚለው በጌታ የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ ዙሪያ ዞሩ። 10ኛዋ ጸሐፊ ጎጃም ውስጥ በገበሬ ቤት ያደገች ናት። እንክርዳዱ ገና ሲበቅል ከስንዴው አይለይም፤ ጭንቅላት ሲያወጣ ነው የሚታወቀው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሥሩ ከስንዴው ሥር ተጠላልፎ አንዱ ሲነቀል ሌላውን ይዞ ይወጣል። እናቷ ግን ስንዴው ወደ ወፍጮ ከመሄዱ በፊት በሰፌድ ላይ አፍስሳ እንክርዳዱን በእጇ ትለቅም ነበር፤ ካልተለቀመ ዱቄቱ ራስ ያዞራል፣ ያሰክራል። ሴትዮዋ ምሳሌውን ሁሉም የሚያነበው በማሳው እንደሆነና የእናቷን ሰፌድ ማንም እንደማያስታውሰው አመለከተች። 11ኛው አመስግኗት አለፈ። 12ኛው በጠንካራ ቃል አረማት፤ ጌታ ራሱ ምሳሌውን ሲፈታ እርሻው ዓለም ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ናት አላለም፤ ስለዚህ ይህን ምሳሌ ክፉን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመታገሥ መጥቀስ ትክክል አይደለም አለ።

13ኛው ይህ ክርክር አዲስ አለመሆኑን አሳየ። የሮሙ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ303 ዓ.ም. ባስነሣው ስደት በሰሜን አፍሪካ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለወታደሮች አሳልፈው የሰጡ ካህናት ነበሩ፤ ከስደቱ በኋላ ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች በእነዚህ ሰዎች እጅ የተፈጸመ ምስጢር ዋጋ የለውም፣ ቤተ ክርስቲያን የንጹሐን ብቻ ናት ብለው ተለዩ። የዚያው አገር ጳጳስ አውግስጢኖስ የስንዴውንና የእንክርዳዱን፣ ደግሞም መልካሙንና ክፉውን ዓሣ አብሮ የሚያወጣውን መረብ እየጠቀሰ መለሰላቸው፤ እነርሱም ልክ እንደ 12ኛው ጸሐፊ እርሻው ዓለም ነው አሉት። 14ኛው ሊታለፍ የማይገባውን አከለበት፤ አውግስጢኖስ በኋላ የመንግሥት ኃይል ዶናቲስቶችን እንዲያስገድድ ደግፏል፤ በዚያው አቆጣጠር በ411 ዓ.ም. ከተደረገው የካርታጎ ጉባኤ በኋላም ቅጣቱ በርትቶባቸዋል። እንክርዳዱን እስከ መከር ተዉት ያለው ሰው በሌላ በኩል ማጭድ እንዲነሣ መፍቀዱ ያሳዝነኛል።

ከ15ኛው እስከ 18ኛው ውይይቱ ከመንገድ ወጣ። አንድ ሰው የ1984 ዓ.ም.ን የሲኖዶስ መከፋፈል አነሣ፤ ሌላው ማን ማንን እንደ ገፋ ሊቈጥር ተነሣ። አንቱታው ቀረና አንተ መባባል ተጀመረ፤ በእኛ ቋንቋ ይህ ለውጥ ከስድብ በፊት የሚሰማ የበር ድምፅ ነው። ከመካከላቸው የ17ኛዋን መልስ ብቻ እጠብቃለሁ። በዚያ 26 ዓመት ውስጥ በአንድ ከተማ ከሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በአገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር፣ ሌላው በስደተኛው ሲኖዶስ ሥር በሚገለገሉ አጥቢያዎች ያስቀድሱ ነበር፤ የአንዱ ልጅ ክርስትና ሲነሣ ሌላው አልተገኘም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ እርቁ ሲፈጸምና በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ትናንት የእግዚአብሔር አይደሉም ሲባሉ የነበሩት በአንድ ሌሊት የአንድ ሲኖዶስ ልጆች ተባሉ። እርሷ የጠየቀችው፣ በእነዚያ 26 ዓመታት ውስጥ የማን ነበሩ? ብላ ነው። ማንም አልመለሰላትም፤ የመድረኩ አስተናባሪ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንድንመለስ ለመነ።

19ኛዋ በአንድ ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ስድስት ዓመት የኖረች እኅት ናት። በእነዚያ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን አልሳለመችም፤ ቅዳሴ የምትሰማው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ስልኳን ከሩዝ ማሰሮው ጀርባ ደብቃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነበር። አውሮፓ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አጥቢያ የሄደች ዕለት ቅዳሴው እንዳለቀ ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ ስለ ገንዘብ ያዥ ሹመት ሲጯጯሁ አገኘቻቸው። ደጁን ስማ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን በጠቡ አዝና ሳይሆን የሰው ድምፅ በአማርኛ አሜን ሲል ስለ ሰማች ነው። 20ኛው ይህ ስሜት እንጂ መልስ አይደለም ብሎ ጻፈ። በ21ኛው መልስ ይኸው ሰው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቃት፤ ለእርሱ በየእሑዱ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀውን በር ዋጋ ያላየው ተዘግቶበት ስለማያውቅ መሆኑን አመነ።

22ኛው መልስ በቀጥታ ወደ እኔ የተጻፈ ነበር። ጸሐፊዋ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ወጣት ናት። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች አንድ አገልጋይ በደል አደረሰባት፤ ለታላላቆቿ በነገረቻቸው ጊዜ የቤተ ክርስቲያንን ገበና አታውጪ፣ የእግዚአብሔርን ቤት አታሰድቢ ተባለች። እርሷ ከመዝሙር ክፍሉ ወጣች፤ ሰውየው በአገልግሎቱ ቀጠለ። ስለዚህ እኔ በመግቢያዬ በደስታ የያዝሁት ቃል በእርሷ አፍ ላይ የተደረገው ጨርቅ ያው ቃል ነው። ለምንድን ነው ቤቱ የእግዚአብሔር ሲሆን እኔ የእግዚአብሔር ያልሆንሁት? ስትል ጠየቀች። በአንተ ነበር የጻፈችልኝ፤ አንቱታ አልጠበቅሁም።

23ኛው እንድትጸልይና ነገሩን ለእግዚአብሔር እንድትተው መከራት። 24ኛዋ በቁጣ ተነሣችበት፤ ያችን ወጣት በልጅነቷ ያፈኗትም ይህንኑ ምክር እንደ ሰጧት ነገረችው፤ ቃሏ ስለታም ነበር፣ እኔም ተገቢ ነው እላለሁ።

25ኛው፣ መጀመሪያ የታሪኩን ነገር የጻፈልን መምህር ነው። ወደ ቆሮንቶስ መልእክት መልሶ አንድ ስም አሳየን። ጳውሎስ የጉባኤውን ክርክር እንዴት እንዳወቀ አይደብቅም፤ የቀሎዔ ቤተ ሰዎች እንዳስታወቁት ስማቸውን ጠርቶ ይጽፋል። ወሬ አመላላሽ አላላቸውም፤ ገበና አወጣችሁ ብሎ አልወቀሳቸውም፤ ያመጡትን ነገር እውነት ብሎ ተቀበለና መልእክቱን በእርሱ ላይ መሠረተ። 26ኛው፣ የአብነት መምህሩ አባት፣ በዚያ ላይ ሁለት ነገር አከሉ። የመጀመሪያው፣ በምዕራፍ 5 ጳውሎስ ያን ሰው ከመካከላችሁ አውጡት ማለቱ ነው፤ የተቈጣውም በሰውየው ብቻ ሳይሆን ይህን እያዩ በታበዩት፣ ባላዘኑት ሰዎች ነው። ሁለተኛው፣ በምዕራፍ 3 የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ አታውቁምን ብሎ ከጠየቀ በኋላ መቅደሱን የሚያፈርስ ቢኖር እግዚአብሔር እርሱን እንደሚያፈርሰው ማስጠንቀቁ ነው። ስለዚህ ባለቤት ያለው ቤት ተጠያቂ ያለበት ቤት ነው፤ ባለቤት የሌለው ፍርስራሽ ላይ ነው ማንም የፈለገውን የሚያደርገው። አባታችን ለወጣቷ ልጄ ብለው፣ አንቺም ያው መቅደስ ነሽ፣ የተነካውም የእግዚአብሔር ነበር ብለው ጻፉላት።

27ኛውን እኔ ጻፍሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት። መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ እኔን ብቻ ያማከለ እንደ ነበር፣ አጥቢያዬን የእግዚአብሔር ብዬ ልጠራት እችላለሁን ስል የራሴን ሰላም እንጂ በእርሷ ውስጥ የተበደሉትን እንዳልፈለግሁ ገለጥሁ። አሁን የማምነው ይህን ነው፦ ቦርዱ ቁልፉን የቀየረው፣ ካህናቱም ለጠበቃ የከፈሉት ቤቱ የራሳቸው የሆነ ያህል ስለ ተሰማቸው ነው፤ ያችን ልጅ ዝም ያሰኟት ሰዎችም እንዲሁ ስሙን የሚጠብቁለትን ቤት የራሳቸው ስም አድርገውት ነበር። የእግዚአብሔር ናት ብለው በእውነት ቢያምኑ በባለቤቱ ፊት ይፈሩ ነበር። እኔም በቁጣ ጥዬ ልሄድ ባሰብሁ ጊዜ ያው ስሕተት ነበረብኝ፤ የእኔ ንብረት ሆና ያሳፈረችኝ መሰለኝ።

28ኛው የዚያች ወጣት ነበር፤ አጭር ነው። ወደዚያ አጥቢያ እንደማትመለስ፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ማንም ሊያስተምራት ሳይሞክር እንዳነጋገራት ጻፈች። ወደዚያ አለመመለሷ እግዚአብሔርን መተው አለመሆኑንም አከለች፤ ይህን ማንም ሊከራከራት አይገባም።

29ኛው ከሐዋሳ የጻፈ የወንጌላውያን አማኝ ሲሆን በእነርሱም ዘንድ ያው ጠብ፣ ያው ክስ እንዳለ ተናግሮ በአክብሮት አለፈ። 30ኛው ግን ከባድ ክርክር አመጣ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ነውር የሌለባት የክርስቶስ አካል ናት፤ በአሜሪካ ሕግ የተመዘገበው ድርጅትና ቦርዱ ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው አለ። 31ኛዋ መለሰችለት፤ ጳውሎስ የጻፈው በሰማይ ላለች ጉባኤ ሳይሆን በቆሮንቶስ ላለች፣ አድራሻ ላላት ጉባኤ ነው። ደግሞም በቅዳሴያችን ካህኑ ቅድሳት ለቅዱሳን ሲሉ ሕዝቡ እኛ ቅዱሳን ነን ብሎ አይመልስም፤ አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ ይላል እንጂ። ቅድስናው የማን እንደ ሆነ በየሳምንቱ በአፋችን እንመሰክራለን። እኔ ከ31ኛዋ ጋር ነኝ፤ ንጹሕዋን ቤተ ክርስቲያን ከምናያት አጥቢያ ፈጽሞ ከለየናት በአጥቢያው ለሚፈጸመው በደል ማንም የማይጠየቅበት ቀዳዳ ይከፈታል።

32ኛው የመምህሩ የመጨረሻ ጽሑፍ ነበር። ቆሮንቶስ ከጳውሎስ መልእክት በኋላ ተስተካከለች ብሎ የሚያስብ ካለ ይረም፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም፣ ከ40 ዓመት ያህል በኋላ፣ እንደ ገና ተጣልተው ሽማግሌዎቻቸውን ሻሩ። ከሮም የተጻፈላቸውና በቀሌምንጦስ ስም የሚታወቀው ደብዳቤ፣ ይህም ቤተ ክርስቲያናችን በመጽሐፍ ቅዱስ ከምትቈጥራቸው ከ81ዱ መጻሕፍት መካከል ያለው መጽሐፈ ቀሌምንጦስ አይደለም፣ የጳውሎስን መልእክት አንሥታችሁ አንብቡ ይላቸዋል። ሰላምታውም ሳይለወጥ በቆሮንቶስ በእንግድነት ለምትኖር የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን የሚል ነው። ሁለት ትውልድ ያልበቃው ጠብ ያንን ስም አላስቀረባትም፤ ስሙም ወቀሳውን አላስቀረላትም።

33ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ አንተስ አሁን ምን ታደርጋለህ? ለቦርዱም ለካህናቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ እየጻፍሁ መሆኔን፣ የመጀመሪያው መስመር በከተማችን ላለች ለእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን እንደሚል፣ ከዚያ በታች የተደረገውን እንደማስቀምጥ መለስሁ።

34ኛው መልስ ከዚያች ወጣት መጣ። ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ማየት እንደምትፈልግ ጻፈች፤ ላክሁላት። በማግሥቱ መልሳ ስትልከው ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን አስምራባቸው ነበር፤ በአንደኛው አንዳንድ አለመግባባቶች፣ በሌላው የአሠራር ጉድለቶች ብዬ ጽፌ ነበር። ከጎናቸው ምን እንደ ሆነ ጻፍ ብላ አስፍራለች። አሁን በእነዚያ ሁለት ቦታዎች በሩ የተቈለፈበት እሑድ ቀንና ከሙዳየ ምጽዋት ወጥቶ ያልተወራረደው ገንዘብ መጠን በቁጥር ተጽፈዋል።